ከኮልፌ በላይ ያለውን ጫካ ማን ቆጠረው?

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ ከተማዋን ከላይ የዘጋ አረንጓዴ ሸንተረር ታያላችሁ። ከሩቅ ሲታይ ጫካ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። አንድ የሰፈር ሽማግሌ «ድሮ ይሄ ሁሉ ጥድና ወይራ ነበር» ይሏችኋል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ድሮማ ባዶ ተራራ ነበር፤ ያለበሰው ባሕር ዛፉ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። የታሪክ ተማሪ ግን ከአንዱ ወገን ከመሰለፉ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ ማን ቆጠረው?

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ዛሬ በዚሁ ሸንተረር ላይ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ እየተሠራ ነው። ለመመለስ ደግሞ ምን እንደነበረ፣ የትኛው ዛፍ የት ቦታ ላይ፣ በምን ያህል ብዛት ይበቅል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ካልታወቀ የምንተክለው የነበረውን ሳይሆን ይኖር ነበር ብለን ያሰብነውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የሰማናት አንዲት ቁጥር አለች። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል» የምትለዋ። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዘገባዎች፣ በዕርዳታ ድርጅቶች ሰነዶች ስትደጋገም ኖራለች። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህችን ቁጥር ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። አንዱ ሰነድ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ያኛውም ሌላውን። መጨረሻ ላይ ግን ደን የለካ ሰው አልተገኘም። በ1900 አካባቢ አገሪቱን በሙሉ የዳሰሰ የደን ቆጠራ አልነበረም። የአየር ፎቶግራፍም ገና አልመጣም። ታዲያ 40 በመቶው ከየት መጣ? ከግምት ነው። ግምቱ ሲደጋገም እውነት መስሎ ቀረ።

በ1998 ደግሞ ዶናልድ ክራሚ የተባለ ሌላ የታሪክ ምሁር የበለጠ የሚገርም ነገር አሳተመ። በ1937 በጣልያን ወረራ ዘመን በወሎ የተነሱ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎችን ይዞ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልጎ ዳግመኛ አነሳቸው። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ በብዙ ቦታ አዲሱ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ዛፍ ከአሮጌው ይበልጣል። ከዛፉ ብዙው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቢሆንም «ከዓመት ዓመት እየተራቆተ መጣ» ከሚለው ታሪክ ጋር አይገጥምም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ማለት የኢትዮጵያ ደን አልተጨፈጨፈም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ፣ በአርሲና በባሌ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ደን ጠፍቷል፤ ከአየር ፎቶግራፍና ከሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽሮ የታየ ነገር ነው። የተሳሳተው አንዱን ቁጥር ለሁሉም ቦታ፣ ለሁሉም ዘመን ማልበሱ ነው። በእኔ አስተያየት 40 በመቶዋ ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥታ «ቁጥር እንዴት ይሳሳታል» በሚል ምዕራፍ ውስጥ ብትገባ ይሻላል።

ሰነድ በሌለበት ዘመን ታዲያ እንዴት ይቆጠራል? አንዱ መንገድ ጭቃ ነው። ዛፍ ሲያብብ ፖለን የሚባል ደቃቅ የአበባ ዱቄት በነፋስ ይበትናል። ሐይቅ ላይ የወደቀው ወደ ታች ይሰምጥና በየዓመቱ ከሚከማቸው ደለል ጋር ይደራረባል። የዱቄቱ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ በሺህ ዓመታት አይበሰብስም። የጥድ ፖለን ከዝግባ፣ የዝግባው ከሣር በማይክሮስኮፕ ይለያል። እንግዲህ ተመራማሪ ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል ይሰድና የደለሉን ዓምድ ያወጣል፤ ከየንብርብሩ ጥቂት ወስዶ የያንዳንዱን ዓይነት ፖለን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሶ መቁጠር! ሥራው አሰልቺ ነው፤ ውጤቱ ግን አሰልቺ አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ተመራማሪ መሐመድ ዑመር ከእንግሊዛውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በወሎ ሐይቅና ሐርዲቦ ላይ ይህንኑ ሠርተው በ2003 አሳተሙ። የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመታት ያህል አካባቢውን የያዘው ክትክታና ሣር ነው። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደግሞ የጥድ ደን ተመልሶ መጣ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተመነጠረ። ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ጠፋ። «ድሮ ደን ነበር» ለሚል ሰው ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ድሮ?» ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከተማዋ በ1886 ስትመሠረት ሠራዊቱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሕዝቡ ሁሉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጨት ይፈልግ ነበር። ነገሥታት ከዚያ በፊት እንጨት ሲያልቅ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 አካባቢ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ነበር። ከመንገዱ ያስቀራቸው አንዱ ነገር በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ያመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው እየተባለ ይነገራል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ስሙ ባሕር ዛፍ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብትም አይበላውም። ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ ሸንተረሩም አረንጓዴ ሆነ።

ነገር ግን ባሕር ዛፉ ሲተከል በቦታው ላይ ምን እንደነበር የመዘገበ የለም። ስንት ጥድ፣ ስንት ወይራ፣ ስንት ኮሶ፣ ምን ያህል ሣር፤ የጻፈ ሰው የለም። ተጓዦች «ዛፍ የሌለበት» ወይም «ውብ ደን» ብለው ጽፈው ይሆናል፤ ያ ደግሞ ተጓዡ በየት በኩል እንደገባ፣ ምን እንደደከመው የሚወሰን ነገር ነው።

የዕፅዋት ሳይንቲስቶችስ በዚያ ዘመን አልነበሩም? ነበሩ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ ኑሮውን በኢትዮጵያ አድርጎ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። ካርቲን ዲዮንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያንም በዚያው ዘመን ይሰበስቡ ነበር፤ የመጀመሪያው በንዳድ ሞተ፣ ሁለተኛውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰና አሺል ሪሻር የተባለ ባለሙያ ከ1847 እስከ 1851 የሐበሻን ዕፅዋት የሚዘረዝር ትልቅ ሥራ አሳተመበት። ዛሬም ብዙ የኢትዮጵያ ተክሎች በሳይንሳዊ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ሺምፐሪ» የሚል ቃል አላቸው፤ የሰውየው መታሰቢያ ነው።

እነዚህ የደረቁ ናሙናዎች ውድ ሀብት ናቸው። ግን ምን እንደሚነግሩን ልብ በሉ። በወረቀት ላይ የተሰፋ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ «ይህ ተክል በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን ነበር» ይላል። ሺህ ነበር ወይስ ያ አንዱ ብቻ? አይናገርም። እንዲያውም ሰብሳቢ ሰው ብርቅ የሆነውን ስለሚመርጥ የተለመደው ተክል ሳይሰበሰብ ሊቀር ይችላል። ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል። በመጋቢት 1943 በርሊን በቦምብ ስትደበደብ የከተማዋ የዕፅዋት ቤተ መዝገብ ተቃጠለ፤ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ናሙና አመድ ሆነ። ሺምፐር ከያንዳንዱ ተክል ብዙ ቅጂ እየቆረጠ ለብዙ ከተሞች ይልክ ስለነበር የእሱ ሥራ በፓሪስና በሌሎች ቦታዎች ተረፈ። ይሄንን ያደረገው ለጥንቃቄ ብሎ አይደለም፤ ናሙናዎቹ በደንበኝነት ለከፈሉ ሰዎች ስለሚሸጡ ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን ብሔራዊ ሄርባሪየም ያገኘችው በ1959 ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ከ1980 እስከ 2009 የዘለቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ፕሮጀክት በአዲስ አበባና በስዊድኗ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር 6 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ዝርያዎችን በ8 ቅጽ አጠናቀቀ። 29 ዓመት! ይህ «ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። «ምን ያህል አለ? የትስ?» የሚለው ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል።

ይሄኛው ሥራ በገመድ ይጀምራል። አጥኚዎች ደን ውስጥ ገብተው አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በገመድ ያጥራሉ፤ ኳድራት ይሉታል። ከፍታውን፣ የቁልቁለቱን አቅጣጫ፣ የጂፒኤስ ነጥቡን ይመዘግባሉ። ከዚያ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ይለያሉ፤ ውፍረቱን ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከደረት ከፍታ ላይ ይለካሉ። በማዕዘኑ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከልለው ቡቃያዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

ሣርና ቁጥቋጦስ? እነሱን አንድ በአንድ መቁጠር ያሳብዳል። ስለዚህ ስዊዘርላንዳዊው ዦዚያስ ብሮን ብላንኬ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀውን ሚዛን ይጠቀማሉ። ከላይ ሆኖ ሲታይ ተክሉ ከመሬቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ከሸፈነ 5፣ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ 4፣ ከሩብ እስከ ግማሽ 3፣ ከ5 በመቶ እስከ ሩብ 2፣ ከዚያ በታች ሆኖ ግን በርከት ካለ 1 ይሰጠዋል፤ በጣም ጥቂት ከሆነ የመደመር ምልክት ብቻ። አዲስ አበባ ያሉ የዕፅዋት ተማሪዎች ይሄን ሚዛን ወይም ከእሱ የወጣውን ባለ 9 ደረጃ ሚዛን ሲጠቀሙ ታገኟቸዋላችሁ።

ለምሳሌ ያህል ብቻ አስቡት፦ በአንድ ኳድራት ባሕር ዛፍ 4፣ ጥድ የመደመር ምልክት፣ ቀጋ 1፣ ሣር 2 ተጻፈ እንበል። ከጥቂት መቶ ሜትር በታች ወንዝ ዳር ያለው ኳድራት ደግሞ ባሕር ዛፍ 1፣ ወይራ 2፣ ቀለዋ 2። እንዲህ ያሉ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኳድራቶች በሠንጠረዥ ሲደረደሩ ከላይ «አረንጓዴ ጫካ» ብቻ የነበረው ነገር ይከፋፈላል። የትኞቹ ተክሎች አብረው እንደሚበቅሉ፣ የትኛው ከፍታ ላይ አስታ እንደሚጀምር፣ የትኛው ዛፍ ትልልቆች ብቻ ቀርተውት ቡቃያ እንደሌለው ይታያል። የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ያሳስባል። ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ያሉት ደን ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ሕፃናት የሌሉበት መንደር ግን ስንት ዓመት ይኖራል?

ይህ ዓይነት ቆጠራ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከኮልፌ ትንሽ ወደ ምዕራብ እንሂድ፣ ወደ መናገሻ ሱባ። ይህ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ከተፈጥሮ ደኑ ጎን በኋላ የተተከሉ የባሕር ዛፍና ሌሎች የውጭ ዛፎች አሉ። ፈዬራ ሰንበታና ደምል ተከታይ በ2001 ባሳተሙት ጥናት እነዚህ የተተከሉ ዛፎች ሥር ያለውን ቡቃያ ቆጠሩ። «ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም» የሚለው አባባል እዚያ አልሠራም፤ አገር በቀል ዛፎች ከሥሩ በራሳቸው ጊዜ እየበቀሉ ነበር። ዘሩ የሚመጣው በአብዛኛው ከአጠገቡ ካለው የተፈጥሮ ደን ነው። ደምል ተከታይ ቀደም ብለው በሠሩት ጥናት እንዳሳዩት፣ የብዙዎቹ የደጋ ዛፎቻችን ዘር አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ አይቆይም። እናት ዛፍ በአቅራቢያ ከሌለ አፈሩ ራሱ ደኑን አያስታውስም። ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም ነበር፤ አፈር ወስዶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ የበቀለውን መቁጠር አስፈለገ።

ለዚህ ነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ለምዕራብ አዲስ አበባ ትልቅ ነገር የሆነው። በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች ሸንተረር ላይ 705 ሄክታር ይዞ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ስምምነት የተቋቋመ ነው። በኃላፊነት ከመሩት አንዱ ከዕፅዋት ፕሮጀክቱ ዋና ሰዎች መካከል የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሴው ናቸው፤ እኚሁ ምሁር በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ቦታው ሲከለል ትልቁ ክፍል ባሕር ዛፍ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁረጥ ቁልቁለቱን ለጎርፍ ማጋለጥ ነው፤ ከታች ደግሞ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር አለ። ስለዚህ የትኛው ቁራጭ ላይ አገር በቀሉ በራሱ እየመጣ ነው፣ የትኛው ላይ ችግኝ ካልተተከለ አይመጣም የሚለውን መለየት ግድ ይላል። ይህ መልስ ያለው በኳድራቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ፕሮፌሰር ሰብስቤ ከዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስና ከፓውሎ ቫን ብሮይገል ጋር በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ አገሪቱን በ12 የዕፅዋት ዓይነቶች ይከፍላል። የአዲስ አበባ ዙሪያ የሚወድቅበት ክፍል ስሙ ረዘም ያለ ነው፦ የደረቅ ደጋ ደንና የሣር መሬት ቅይጥ። ደንና የሣር መሬት! ያኔ የተከራከሩት ሁለቱ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ አንዱ ወንዝ ዳር ያለውን አንዱ ገላጣውን አስታውሰው ከሆነ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንስሳትስ? እነሱ ቆመው አይጠብቁም። ከኮልፌ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የገፈርሳ ግድብ አለ፤ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ መኖሪያው የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚህ ይታያል። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ሲዘረዝር ገፈርሳ ከመካከላቸው ነበረ። የውኃ ወፎች ቆጠራ በአፍሪካ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳል። ወሩ የተመረጠው ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በዚያ ጊዜ እኛ ዘንድ ስለሚሆኑ ነው።

በወፍ ቆጠራ ውስጥ ጀማሪ የሚንቀው፣ ልምድ ያለው ግን በጥንቃቄ የሚጽፈው አንድ ቁጥር አለ፤ ዜሮ። «ሁለት ሰዓት ቆየሁ፣ ዝይ ፈለግሁ፣ አላየሁም» ብሎ የጻፈ ሰው መረጃ ሰጥቷል። ምንም ያልጻፈ ሰው ግን ዝይ አልነበረም ይሁን እሱ ራሱ አልሄደም ይሁን አይታወቅም። ዛሬ በስልክ የሚላኩ የወፍ መዝገቦች በሚሊዮን ሲቆጠሩ ይህ ችግር ይከተላቸዋል፤ መኪና መንገድ ያለበት ቦታ በመዝገብ ይሞላል፣ የሌለበት ባዶ ይሆናል። ገፈርሳ አስፋልት ዳር ነው። ከጀርባው ያለው ሸለቆ በካርታ ላይ ባዶ ከሆነ ወፍ ስለሌለው ነው ለማለት አንችልም።

ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው የችግኝ ተከላ ዘመቻ የምንሰማው ቁጥር የተተከለው ነው። የተተከለ ችግኝ ደግሞ ገና ዛፍ አይደለም። የኳድራት ሰዎች የሚፈልጉት ሌላ ቁጥር ነው፤ ከሁለት በጋ በኋላ በዚያው ቦታ ስንት ቆሞ ተገኘ? ለዚህም ነው የጂፒኤስ ነጥቡን የሚጽፉት፣ አንዳንዴም በማዕዘኑ ላይ ችካል የሚተክሉት። ዛሬ ከኮልፌ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ጥድ «የመደመር ምልክት» ተብሎ የተጻፈበትን ነጥብ፣ ከ30 ዓመት በኋላ አንዲት ተማሪ ገመዷን ይዛ ወጥታ ታገኘዋለች፤ ማዕዘኑን ታጥርና ከመጀመሪያው ዛፍ ትጀምራለች።